ዋሂዱዲንና የአክስቱ ስም

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም.፣ ዝናሙ ባባራ በሰባተኛው ቀን፣ ሙንሺ ዋሂዱዲን በዴልሂ ጎዳና ወደ አክስቱ ቤት ይገሰግስ ነበር፤ ፊቱ ጠቁሯል። አሽዎርዝ ሳሂብ የተባለ እንግሊዛዊ ሹም የእንግሊዝኛን ቃላት በኡርዱ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ያዘጋጅ ነበርና፣ ሙንሺው፣ ማለት ጸሐፊው ዋሂዱዲን፣ «ዲሳፖይንትመንት» የሚለውን «ተስፋ ቢስነት» ብሎ ቢፈታለት ወረቀቱን መለሰበት፤ ተስፋ የሌለው ሰውና ተስፋ አድርጎ የቀረበት ሰው አንድ አይደሉም አለው። እስከ ዓርብ ካልተገኘ ከላክናው ከተማ ሊቅ አስመጣለሁ ሲልም ጨመረበት። በኡርዱ ማማር ከላክናው ጋር ለሚፎካከር የዴልሂ ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ ከየት ይመጣል!

አክስቱ በእንግሊዝ ላይ ከተነሣው ታላቅ ዐመፅ በፊት የነበረውን የዴልሂ አነጋገር ሳያጎድሉ የያዙ፣ ባላቸው የሞተባቸው ወይዘሮ ነበሩ። በጨዋ ቤት ልማድ ሴት ልጅ ማንበብ እንጂ መጻፍ አትማርም፤ ለወንድ ደብዳቤ ትጽፋለች ተብሎ ይፈራልና። ስለዚህ እሳቸው ይናገራሉ፤ የወንድማቸው ልጅ ይጽፋል፤ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርተዋል።

ጭንቀቱን ሲነግራቸው የሚታኘከውን የፓን ቅጠል እያጠፉ ሳቁበት።

«አንተ ሞኝ፣ ማጀት ተቀምጦልህ መጽሐፍ ታገላብጣለህ እንዴ? የእህቷን ሠርግ ስትጠብቅ ሳይጠሯት የቀረችውን ሴት ምን እንላታለን? ልቧ አነሰ እንላለን፤ ስናጽናናትም ልብሽን አታሳንሺ። በል ጻፍ።»

ሳሂብ ይህን ሲሰማ በደስታ ከወንበሩ ተነሣ፤ ፍቺውን የሰጠው ሰው ስሙ በመቅድሙ ላይ እንዲጻፍም አዘዘ። ዋሂዱዲን እየሳቀ ነገራቸው፤ አክስት ግን አልሳቁም።

«ስሜን ጻፈው» አሉ።

«አክስቴ፣ ሰው ምን ይላል? የጨዋ ሴት ስም በገበያ ወንድ አፍ ሊገባ ነው?»

«ቃሌ ገብቶ የለም እንዴ? ልጅ አልወለድሁ፤ የእገሌ እናት ብሎ እንኳ የሚጠራኝ የለም። ከሞትሁ በኋላ በምን ልታወቅ? ጻፈው ብዬሃለሁ።»

እጽፋለሁ ብሎ ማለላቸው። ነገሩን የሰማው አባቱ ግን፣ የእህቴን ስም አደባባይ ካወጣህ ደጄን አትርገጥ አለው። በማግስቱ ቁም ጸሐፊው ለድንጋይ ማተሚያው የሚሆነውን ወረቀት ዘርግቶ፣ ብዕሩን ነክሮ፣ የፍቺው ባለቤት ስሙ ማን ይባላል ብሎ ሲጠይቀው፣ ዋሂዱዲን ወኔው ከዳው፤ «ከአንድ የተከበረ ቤት የተገኘ ብለህ ጻፍ» አለ።

የመጽሐፉ አንደኛ ክፍል በክረምት ታትሞ ወጣ። አክስት መቅድሙን በጣታቸው እየተከተሉ እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ ከዚያም ደግመው ከላይ ጀመሩ። ዋሂዱዲን እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል መጽሐፉን ዘግተው መለሱለት። አልተቆጡትም፤ ምሳ አቀረቡለት። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ቃል ሊጠይቃቸው በመጣ ቁጥር «ረስቼዋለሁ ልጄ» ይሉት ነበር፤ እስኪሞቱም ድረስ አንድም አላስታወሱለት።

ዛሬ መጽሐፉን የሚያገላብጡ ሊቃውንት አንደኛው ክፍል ሕይወት ያለው ሁለተኛው ግን ደረቅ የሆነበትን ምክንያት ይመራመራሉ፤ ገሚሱ በሳሂብ ዕድሜ መግፋት፣ ገሚሱ በአሳታሚው ጥድፊያ ያመካኛሉ። የሳሂብ ስም ከፊት በትልቁ፣ የዋሂዱዲን ከሥሩ በትንሹ ተጽፏል። በእነሱ ለመፍረድ እኔም አፍ የለኝም፤ ይኸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አክስት እያልሁ መጣሁ፤ ስማቸውን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።