እንዳገኘኋት

ሟቹ በፎቶ ቤቱ ውስጥ ከመሰላሉ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ጭንቅላቱ የሲሚንቶው ደረጃ ጠርዝ ላይ አርፎ ተገኘ። በዙሪያው የነበረው ሳጥን ብቻ ነው፤ የጫማ ካርቶን፣ የክብሪት ቀፎ፣ የፖስታ ሳጥን፣ የቲማቲም ማጓጓዣ የጣውላ ሳጥን፣ ክዳኑ የጠፋ የብስኩት ቆርቆሮ። ሰውየው ፎቶ አንሺ ነበር። ሰርግና ልደት ማንሳቱን ትቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጥን ብቻ ሲያነሳ ሰፈሩ «ለየለት» ብሎ ነበር። የከተማው ትልቁ አዳራሽ ዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጅለት ግን ያው ሰፈር «እኛም እኮ ብለን ነበር» አለ። ዐውደ ርዕዩ ሊከፈት ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

«ሚስቱ ናት የገፋችው» አለ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ። «ጠዋት ስትጮህበት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።»

«ለምን ትገፋዋለች?» አለች መርማሪዋ።

በመሥሪያ ቤቷ «እትዬ ለምን» ይሏታል። አለቃዋ «ይቺ ሴት ደህና አደርሽ ሲሏትም ለምን ትላለች» እያለ ይቀልድባታል። ዛሬ ግን ቀልድ አላሰኘውም። በስልክ «እስከ ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ ሴትዮዋን እስር ቤት አስገባታለሁ» ብሎ ዘጋው።

ካሜራው በመሰላል ካልተወጣ በማይደረስበት ረጅም ማቆሚያ ላይ ሆኖ ቁልቁል ወደ ጠረጴዛው ያያል። ጠረጴዛው ላይ ያለችው አንዲት ትንሽ የእንጨት ሳጥን ናት። መርማሪዋ የመጨረሻውን ፎቶ ከፈተች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ የተነሳ ነው፤ ያችው ሳጥን ናት፤ አንዱ ማጠፊያ ብሎን ስለሌለው ክዳኗ ወደ ግራ ዘሟል። ከዚያ ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው መለሰች። ክዳኗ ቀጥ ብሏል፤ ማጠፊያው ላይ አዲስ ብሎን ያብለጨልጫል።

«ይህችን ማንም እንዳይነካት» አለች።

ሚስትየዋ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለው ጓዳ ተቀምጣ ነጠላዋን ትጠመዝዛለች። ከገበያ ስትመለስ፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት።

«ቀንቻለሁ፤ ምን እደብቃለሁ!» አለች። «በሌላ ሴት ብቀና ይሻለኝ ነበር፤ ሄጄ እሰድባታለሁ። በካርቶን የቀና ሰው ሰምተው ያውቃሉ? ዛሬም ‹ወይ እኔ ወይ ሳጥኖችህ!› ብዬው ነው የወጣሁት። መጨረሻዬ ይሄ ሆነ።»

«ሳጥኖቹን ነክተውበት ያውቃሉ?»

«አንዴ አቧራ ጠረግኩለት። ሦስት ቀን አኮረፈኝ! ‹እንዳገኘኋት ነው የማነሳት› ነው ሁልጊዜ። የተሰበረ አይጠግን፣ የተጣመመ አያቃና።»

«ካቻቪቴ አላችሁ?»

«እዚህ ቤት ምስማር እንኳ የሚመታልን ጋሼ ነው፣ ታላቅ ወንድሙ። አናጢ ነው።»

«ትንሿ የእንጨት ሳጥንስ?»

«ከአልጋው ሥር የማትጠፋ ናት። ማን ሠራት ስለው ‹ዐውደ ርዕዩ ላይ ታያለሽ› አለኝ።»

ሁለት በር አለፍ ብሎ ያለው ፎቶ ቤት ሰፈሩ «ፍላሽ» የሚለው ሰው ነው። ሃያ ዓመት ከሟቹ ጋር እኩል ደንበኛ ሲሻሙ የኖሩ ናቸው።

«ሙሽራ እያነሳሁ አረጀሁ፤ ማን አጨበጨበልኝ?» አለ ፍላሽ። «እሱ የጫማ ካርቶን አንስቶ አዳራሽ ይሰጠዋል። አንጀቴ አሯል። ግን ጠዋቱን ሙሉ እዚሁ ነበርኩ፤ ምስክር ግን የለኝም።»

መርማሪዋ ግድግዳውን አየች። የተሰቀሉት ሙሽሮች በሙሉ ወደ አንድ ጎን ዘመው ሊወድቁ የደረሱ ናቸው።

«ለምን አያቃኗቸውም?»

ፍላሽ ወደ ግድግዳው ዞሮ አፈጠጠ። «ምናቸውን?» አለ ግራ ገብቶት።

አናጢው ቤት ስትደርስ መሽቷል ማለት ይቻላል። የሙጫና የሰጋቱራ ሽታ ያፍናል። ያለቁ ሳጥኖች በመደርደሪያው ላይ ተሰልፈዋል፤ አንዱም እንከን የለውም። በብሎኖቹ ራስ ላይ ያለው የካቻቪቴ ስንጥቅ ሳይቀር አንድ ባንድ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በርጩማ ሰጣት፤ ስትቀመጥበት ተንገዳገደ።

«ወንድሜ ቤት እግሬን ካነሳሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል» አለ። «ሚስቱ ትቀናበት ነበር። እኔ የማውቀው ይህንን ነው። አንዴ ይነሱልኝ።»

ተነሳች። በርጩማውን ገልብጦ ከሽርጡ ኪስ ካቻቪቴ አወጣና አጠበቀው፤ ወሬውንም አላቋረጠም።

«እርስዎስ አይቀኑበትም?»

«እኔ ሳጥን እሠራለሁ፤ እሱ ያነሳል። የሚጨበጨበው ለማን ነው?» ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት ሚስትየዋ፣ ፍላሽና አናጢው፣ አለቃዋም ጭምር፣ በሟቹ ፎቶ ቤት ተሰበሰቡ። መርማሪዋ ሳጥኗን ከፎቶዋ ጎን አስቀመጠች።

«አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ክዳኗ ጠማማ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ሬሳው ሲገኝ ቀጥ ብሏል። በመሃል አንድ ሰው ገብቶ ብሎን አስሮላታል። ሟቹ አይደለም፤ አቧራ እንኳ አያስጠርግም። ሚስቱም አይደለችም። ቤቱ ተፈትሿል፤ ካቻቪቴ የለም። ቢኖራትስ? የምትቀናባትን ሳጥን ለምን ትጠግናለች?»

«እሰብራት ነበር እንጂ!» አለች ሚስትየዋ እያለቀሰች።

«ፍላሽም አይደለም። ጠማማ ነገር አይታየውም።»

ፍላሽ መመስገኑን ይሁን መሰደቡን ሳይለይ ራሱን ነቀነቀ።

«የሚቀረው የተወላገደ ነገር ካየ እጁ የማያርፍለት ሰው ነው። ትናንት በርጩማዬን ሲያጠብቁልኝ እኔ አልጠየቅኩዎትም። የዚህችን ብሎን ስንጥቅም ይመልከቱ፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እርስዎ ቤት ያለው ብሎን ሁሉ እንዲህ ነው። ሁለት ሳምንት ያልረገጡት ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?»

አናጢው ሲናገር ዓይኑ ከሳጥኗ አልተነቀለም።

«የመጀመሪያ ሥራዬ ናት። በአሥራ ሁለት ዓመቴ። ስንት ያማረ ሳጥን ሠርቼ፣ እሱ ለሕዝብ የሚያሳየው ይቺን ጠማማ! ‹አውጣት፣ ሰው ይስቅብኛል› ብዬ ለመንኩት። መሰላሉ ላይ ሆኖ ሳቀና ‹እንዳገኘኋት ነው የምትታየው› አለኝ። መሰላሉን ነቀነቅኩት። እንዲወርድ ነበር። ወርዶ እንዲሰማኝ።»

«ከወደቀ በኋላስ?»

«ክዳኗን አቃናኋት። ሰው መጥቶ እንዳያያት።»

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ይላል።»

«አላየሁትም» አለ አናጢው። «እሷን ነበር የማየው።»

«ጋሼ!» አለች ሚስትየዋ። «እኔ ስታሰር ዝም ብለው ሊያዩኝ ነበር?»

መርማሪዋ ሟቹ ለአዳራሹ ካዘጋጃቸው ወረቀቶች መካከል አንዱን ከፖስታው አውጥታ አነበበች።

«ቁጥር አንድ። ይህችን ሳጥን ታላቅ ወንድሜ በልጅነቱ ሠራልኝ። አባታችን ክዳኗ ጠማማ ነው ብሎ ሲስቅበት አለቀሰ። እኔ ግን እንደ እሷ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ሳጥን ማየት የጀመርኩት ያን ቀን ነው።»

አናጢው ከኪሱ ካቻቪቴውን አወጣ።

«ብሎኑን ልፍታላት» አለ። «እንደ ነበረች ልመልሳት። አንዴ ብቻ፣ እባክሽ እህቴ።»

መርማሪዋ ካቻቪቴውን ከእጁ ወሰደችበት።

«አይቻልም» አለች። «ማስረጃ ናት። እንዳገኘናት ነው የምትቀመጠው።»