ረውዳ ስኳር አልበላችም

ደሴ ውስጥ፣ ከአንዲት ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ፣ ረውዳ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ትኖራለች።

አባቷ ይመር ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናው ቀኑን ሙሉ «ጠርርር! ጠርርር!» ይላል።

ረውዳ የስኳር ሕመም አለባት። ሰውነቷ ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር ስለማይሠራላት፣ ጠዋትና ማታ በመርፌ ትወስደዋለች።

ኢንሱሊኑ ካልደረሰላት ስኳሩ ደሟ ውስጥ ይከማቻል። ያን ጊዜ ውሃ ውሃ ይላታል፤ ሆዷን ያማታል፤ ይደክማታል።

ጠዋት እናቷ ዘሃራ አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ ክንዷ ላይ ትወጋታለች። ማታ አባቷ ጭኗ ላይ ይወጋታል።

አባቷ እንደ ልብሱ ሁሉ በልክ ነው የሚሠራው። ከጉልበቷ ወደ ላይ ስድስት ጣት ይለካና «ቢስሚላህ» ይላል። ጠቅ!

«እዚያው ጋ አባ!» ትለዋለች ሁልጊዜ። «እዚያ ጋ አያመኝም።»

አንድ ማታ እናቷ ጣቷን ጠቅ አድርጋ በትንሿ መለኪያ የደሟን ስኳር ለካች። መለኪያዋ ቆጠረች። አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ… ጢጥ!

«መቶ አርባ! ጎሽ የኔ ልጅ!» አለች እናቷ። ረውዳ ደስ ብሏት ተኛች።

ሌሊት ግን ነቃች። አፏ ደርቋል።

«እማ፣ ውሃ!» ጎንጨት! ጎንጨት! ጎንጨት!

ትንሽ ቆይታ ሽንቷ መጣ። ተመልሳ ሳትተኛ ደግሞ፣ «እማ፣ ውሃ!» ጎንጨት! ጎንጨት! ጎንጨት!

ሲነጋ ፍራሹ ርሶ ነበር። አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ… ጢጥ!

«ሦስት መቶ አሥር» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «ከፍ ብሏል።»

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ማታ ደህና ነበር፤ ሌሊት ውሃ፣ ሌሊት ሽንት፤ ጠዋት… ጢጥ! «አሁንም ከፍ ብሏል።»

እናቷ የረጠበውን አንሶላ ይዛ ቆመች። «ረውዳዬ፣ ሌሊት ተነስተሽ የበላሽው ነገር አለ?»

«አልበላሁም።»

«ስኳር አልቀመስሽም? እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም።»

«ወላሂ አልቀመስኩም!»

እናቷ ዓይን ዓይኗን አየቻትና አንሶላውን ይዛ ወጣች። አስተያየቷ ረውዳን ከመርፌው በላይ አመማት።

ከሰዓት በኋላ እናቷ የስኳሩን ጣሳ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከሻንጣው ኋላ ደበቀችው። ረውዳ በበሩ ቀዳዳ አየቻት።

ረውዳ ፍራሹ ጥግ ቁጭ ብላ አሰበች። «ተኝቼ እየሄድኩ እበላ ይሆን? ሳላውቅ?» እራሷን ፈራች።

ማታ ከአባቷ ጨርቆች መሀል ረጅም ጥብጣብ አመጣች። «እማ፣ እጄን ከእጅሽ ጋር እሰሪው።»

«ምን ነካሽ ልጄ? ለምን?»

«ተነስቼ ከሄድኩ እንድትሰሚኝ።»

እናቷ አሰረቻት። ረውዳ ለውሃ ስትነሳ አብረው ተነሱ፤ ለሽንት ስትነሳም አብረው ተነሱ። ረውዳ ጣሳው ጋ አልሄደችም። አንድም ነገር አልበላችም።

ነጋ። አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ… ጢጥ!

ሦስት መቶ አርባ። «አሁንም ከፍ ብሏል።»

«አየሽ እማ? አልበላሁም!» አለች ረውዳ።

እናቷ ግን አልሰማቻትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

አባቷም ያን ቀን ሥራ አልጀመረም። መኪናው ጠርርር አላለም።

ረውዳ የአባቷ ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቁ መሀል ገባች። «ሰውነቴ ተበላሽቷል» አለች ለራሷ።

አባቷ ጎንበስ ብሎ አያት። «ረውዳ፣ ውጪ እንጂ።»

«አባ፣ የተቀደደ ሱሪ ትጠግናለህ። እኔንስ መጠገን አትችልም?»

አባቷ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ብዙ አሰበ። «አላውቅበትም ልጄ» አለ።

ሁለቱም ጠረጴዛው ሥር ተቃቅፈው ተቀመጡ።

በመጨረሻ እናቷ ነጠላዋን ለበሰች። «ተነሱ» አለች። «ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ ሲስተር ወይንሸት ሁሉንም ጠየቀች። ምን በላች? ስንት ሰዓት? መርፌውን ማን ይወጋል? የት?

«ማታ እኔ ነኝ» አለ አባቷ። «ከጉልበቷ በላይ ስድስት ጣት! ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልሳትኩም።»

ሲስተር ወይንሸት ቀና አለች። «ዓመት ሙሉ? እዚያው ጋ?» ዓይኗን ጨፍና ቦታውን በጣቷ ዳሰሰች።

«አቶ ይመር፣» አለች፣ «የልጅዎ ጭን ላይ ኪስ ሰፉባት እንዴ?»

«የምን ኪስ?»

«እጅዎን ያምጡ።»

አባቷ ዳሰሰ። ከቆዳዋ ሥር እንደ ነፈረ ባቄላ ያበጠ ነገር አለ።

«አንድ ቦታ ብቻ ደጋግመን ስንወጋ እንዲህ ያብጣል» አለች ሲስተር ወይንሸት። «እብጠቱ ላይ ሲወጉት አያምም። መድኃኒቱ ግን እዚያው ይቀራል፤ ሌሊቱን ሙሉ ለሰውነቷ በደንብ አይደርስም። ለዚህ ነው ጠዋት ከፍ የሚለው።»

አባቷ ጣቶቹን አየ። «እኔ ነኝ ለካ» አለ በቀጭን ድምፅ። «በገዛ እጄ!»

«አይ፣ እኔ ነኝ!» አለች ረውዳ። «እዚያው ጋ እያልኩ የለመንኩህ እኔ ነኝ!»

«ሁለታችሁም አይደላችሁም» አለች ሲስተር ወይንሸት። «ይህን ቀድመን መንገር የኛ ሥራ ነበር። ስኳርም ሰርቆ የበላ የለም።»

እናቷ ይህን ስትሰማ አቀረቀረች።

ሲስተር ወይንሸት ወረቀት ላይ ጻፈች። ዛሬ ሆድ፣ ነገ ሌላኛው ጭን፤ በየማታው ቦታው ይለወጣል። ያበጠው እስኪጠፋ አይነካም።

«አዲሱ ቦታ መድኃኒቱን በደንብ ስለሚወስድ፣ ስኳሯ በጣም እንዳይወርድ መጠኑን ቀንሻለሁ። ሌሊት ስድስት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለኩላት። ነገም እዚሁ አምጧት።»

መሸ። አባቷ መርፌውን ያዘ። ጣቶቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ጉልበቷ ሄዱ፤ መለሳቸው።

«አባ፣ ሆድ ላይ ያማል?»

አባቷ አልዋሸም። «ትንሽ ያማል።» ቢስሚላህ… ጠቅ!

«ወይኔ! አመመኝ!» ረውዳ አለቀሰች። አባቷ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

ስድስት ሰዓት ላይ… ጢጥ! መቶ ስልሳ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ… ጢጥ! መቶ ሰማንያ።

ረውዳ ጣቷ ሲወጋ እንኳ አልነቃችም። ውሃም አልጠየቀችም።

ነጋ። ፍራሹ ደረቅ ነው። ሁሉም መለኪያዋን ከበቡ። አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ… ጢጥ!

ሁለት መቶ አሥር።

ረውዳ መለኪያዋን ገፋ አደረገቻት። «አሁንም ከፍ ብሏል።»

«አዎ፣ ከፍ ብሏል» አለች እናቷ። «ከትናንቱ ግን ብዙ ዝቅ ብሏል።»

ያን ዕለት ሲስተር ወይንሸት ቁጥሩን አይታ «ገና ነው፤ ቀስ እያልን እናስተካክለዋለን» አለች።

ማታ አባቷ በሌላኛው ጭኗ ላይ ወጋት። አመማት። ከዚያ እናቷ ብርድ ልብሱን ገልጣ አጠገቧ ገባች።

«ረውዳዬ፣ አልበላሁም ስትዪኝ አላመንኩሽም ነበር። ጠረጠርኩሽ። አፉ በይኝ ልጄ።»

ረውዳ ጣሪያውን አየች። «ነገም ከፍ ካለስ?»

«ከፍ ሊል ይችላል። አይልም ብዬ አልዋሽሽም።»

«ከፍ ካለ ምን ትዪኛለሽ?»

እናቷ አሰበች። «መጀመሪያ፣ እንደምን አደርሽ እልሻለሁ። ከዚያ ምክንያቱን አብረን እንፈልጋለን።»

«ምን በላሽ አትዪኝም?»

«ብጠይቅሽም፣ የምትነግሪኝን አምናለሁ።»

ረውዳ ወደ እናቷ ዞረች። «እሺ፣ አፉ ብያለሁ» አለችና አፍንጫዋን እናቷ አንገት ሥር ወሸቀች።

እናቷ እጇን ዘርግታ መብራቱን አጠፋች። ከአልጋው ግን አልወረደችም።