ከአንድ ቤት አንድ ሰው

በኃይሉ በሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ ከሞላሌ ከተማ ከፍ ብሎ ባለው የገብስ ማሳው ላይ ወድቆ ሞተ። ኢንስፔክተር እፀገነት ስትደርስ አስከሬኑ ቤት ገብቶ ነበር። ሜትሯን ዘርግታ ከራስ እስከ እግሩ ለካችው፤ አንድ ሜትር ከስድሳ አራት።

«ሣጥን ልታሠራለት ነው እንዴ?» አሉ እናቱ ወይዘሮ ጠጄ በምሬት። «ገዳይዋ እዚሁ ቆማለች! ምራቴ በጠላ መርዝ አጠጥታዋለች። ልጄ ጤነኛ ነበር፤ ይኸው ወረቀቱ!»

ወረቀቱ ከሁለት ወር በፊት፣ ለወጣቶችና ለጎልማሶች በተደረገው የቅድመ ምርመራ ዘመቻ የተሰጠ ካርድ ነው። የደም ግፊቱ ጤናማ ይላል። እፀገነት በድካም አገላብጣ አነበበችው።

«ያመው ነበር?» አለቻት ሚስቱን ጌታነሽን።

«ራሱን። በሻሽ ጥፍር አድርጎ እያሰረ ያርስ ነበር።»

ታላቅ ወንድሙ አወቀ በዝቅተኛው በር ጎንበስ ብሎ ገባ።

«ሲመረመር አብረውት ነበሩ?» አለችው እፀገነት።

«አዎ... አብረን ነበርን» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ጌታነሽ ታሰረች። የአስከሬን ምርመራው ውጤት የደረሰው በአርባው ዋዜማ ነው። እፀገነት እስረኛዋን ይዛ መጣችና ሁሉንም በዚያው ቤት ሰበሰበች።

«መርዝ አልተገኘም» አለች። «የገደለው በአንጎሉ ውስጥ የፈሰሰ ደም ነው። ልቡም ከፍተኛ ግፊትን ለዓመታት ሲታገል ደንድኗል።»

«ታዲያ ካርዱ?» አሉ ወይዘሮ ጠጄ።

«ካርዱ ላይ ቁመትም አለ፤ አንድ ሜትር ከሰማንያ አንድ። ልጅዎ ከዚያ በአሥራ ሰባት ሴንቲሜትር ያጥራል። ካርዱ የሌላ ሰው መሆኑን የዚያን ዕለት አውቄያለሁ፤ መርዝ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ግን ውጤቱን መጠበቅ ነበረብኝ። ከዚህ ቤተሰብ በዚህ በር ጎንበስ ብሎ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። አቶ አወቀ፣ የተለካው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። እሱ እርሻ ላይ ነበር። ለቀበሌ ስብሰባ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ከሄደ ይበቃል፤ ይሄም እንደዚያ መሰለን። በስሜ ተለክቼ ስወጣ፣ ዞሬ በእሱ ስም ተሰለፍኩ። ባለሙያዋ ወረፋ በዝቶባት ቀና ብላም አላየችኝ።»

«ጌታነሽ ስትታሰርስ ለምን አልተናገሩም?»

«እናቴን ፈራሁ።»

ወይዘሮ ጠጄ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ጌታነሽ ካርዱን ከእፀገነት እጅ ተቀበለች።

«ሐኪም ቤት እንሂድ ባልኩት ቁጥር» አለች፣ ወደ አወቀ ሳታይ፤ «ይህን ከትራሱ ሥር አውጥቶ ያሳየኝ ነበር። እኔም አምኜ ዝም እል ነበር።»