ጆንያ ውስጥ የገባው ቦርድ

«ማነው የሰካው?» አለ ቴክኒሻኑ፣ ሃርድ ዲስኩን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ። የተቃጠለ ይሸታል።

«እኔ ነኝ። ምን ይሁን?» አለች ዲስኩን ያመጣችው መምህርት።

«ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ የላፕቶፕ ቻርጀር ይሰካበታል? ወይ ጉድ!»

የመምህርቷ ደም ፈላ። መስማት ለተሳናቸው ልጆች በምልክት ቋንቋ የቀረጸችው የአራት ዓመት ትምህርት እዚያ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ለልጆቹ ፈተና የቀረው አሥር ቀን ነው። መቼም ስትናደድ ከአፏ እጇ ይቀድማል፤ በጣቶቿ አየሩን ቆራርጣ የሆነ ነገር አለችው።

«ምን አልሽኝ?»

«ስድብ ነው። አልተረጉምልህም!»

እሱም እልኸኛ ነው። የተቃጠለውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ከዲስኩ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ተመሳሳዩን ፍለጋ ከተማውን አሰሰ። በሦስተኛው ቀን ባዶ እጁን አገኘችው።

«ካልቻልክ አልቻልኩም በል! ልጆቹ ላይ አትቀልድ!»

ይሄ አጥንቱ ድረስ ገባ። በሩን ወርውራበት ስትወጣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ በክንዱ ጠርጎ አሮጌ ዕቃ የሚያጠራቅምበት ጆንያ ውስጥ ከተተው።

በማግስቱ ምትኩ ቦርድ ተገኘ። ግን ምትክ ብቻውን ምን ይሠራል? የእያንዳንዱ ዲስክ ምስጢር ያለው በገዛ ቦርዱ ላይ፣ ስምንት እግር ባላት አንዲት ቺፕ ውስጥ ነው። እሷ ተነቅላ ካልተዛወረች ዲስኩ ይዞራል እንጂ አይከፈትም። አሮጌውን ቦርድ ቢፈልግ የለም። «አሮጌውን እንዳትጥሉ!» እያለ ደንበኛ ላይ የሚጮኸው ሰውዬ ራሱ ጥሎት አረፈ!

ስትመጣ አልደበቃትም። «በንዴት ጣልኩት። ጆንያው ውስጥ ነው፤ ከሦስት መቶ ቦርድ ጋር።»

ጮኸች። አለቀሰች። ከዚያ ጆንያውን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ቁጭ በል!»

ጎን ለጎን ተቀምጠው ቦርዶቹን አንድ በአንድ ለቀሙ። ጠርዙ ስለታም የሆነውን እሱ ቀድሞ ከእጇ ሥር ይወስድባታል። አይታ እንዳላየች ሆነች። ለተናደደችበት ሰው ልቧ መራራቱ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«ይኸው!» አለች በመጨረሻ፤ የተቃጠለው ቦታ እንደ ጠቆረ ነው።

ቺፗን ነቅሎ ምትኩ ላይ በየዳት። ዲስኩ ዞረ፤ ፋይሎቹ ተደረደሩ። አንዱን ሲከፍተው መምህርቷ ስክሪኑ ላይ በእጇ እያወራች ትስቃለች።

«ለካ ትስቂያለሽ» አለ።

«ለሚገባው ሰው!»

«እኔስ እንዲገባኝ ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ ኮፒ አድርግልኝ። ሁለት ቦታ!»

ኮፒው እየሄደ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። «በመጀመሪያው ቀን የሰደብሽኝን አስተምሪኝ።»

ጣቶቹን ይዛ አንድ በአንድ አጠፈችለት። ንዴቷ ገና አልበረደላትም፤ ስድቡም አጭር ነበር። እጁን ግን አልለቀቀችውም።