ሳይነሣ የቀረው እጅ

የቧንቧ ሠራተኛው ወደዚያች ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የመጣው ለጸሎት አልነበረም፤ ውሃ የሚያፈስ ገንዳ አለ ተብሎ ተጠርቶ ነው። የመድረኩ ጣውላ ተነሥቶ ከሥሩ ባለ ደረጃ ገንዳ ሲያይ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ሰባኪው ከእግሩ ሥር መታጠቢያ ያስቀመጠው ምን ቸግሮት ነው?» አለ ለራሱ።

«መታጠቢያ አይደለም፤ መጠመቂያ ነው» አለችው አንዲት ወጣት ከኋላው።

ልብስ ሰፊ ነች። ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ የአንድ ነጭ የመጠመቂያ ጋውን ጠርዝ ትሰፋለች። ክሯን በጥርሷ በጥሳ ቀና አለች። እሱም አያት። መፍቻው ከእጁ አምልጦ ገንዳው ውስጥ ተንኳኳ።

«ሙሉ ሰው ነው የምትነክሩት? እፍኝ ውሃ አይበቃም?»

«ጥምቀት ለኛ ከክርስቶስ ጋር መቀበርና መነሣት ነው። እፍኝ አፈር በትኖ ቀበርኩ የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

መፍቻውን ከገንዳው አውጥቶ ወደ ስፌቷ ተጠጋ። ዝም ማለት አልፈጠረበትም። «ጠርዙ ውስጥ የምትከቺው ብረትስ?»

«ጋውኑ እንዳይንሳፈፍ ነው። ባለፈው አንዷ እህታችን ላይ እንደ ጃንጥላ ተከፍቶ ጉድ ሆነን ነበር።»

ከት ብሎ ሳቀ። ከመሣሪያ ሳጥኑ ጥቂት የነሐስ የብሎን ዳዶዎች አውጥቶ መዳፏ ላይ አፈሰሰላት። «ይሄ አይዝግብሽም።»

እሑድ ከአምልኮ በኋላ አዲስ መጪዎችን የምታስተምረው እሷው ነበረች። ገንዳው ተጠግኖ ካለቀ በኋላ ሰውየው ተማሪ ሆኖ ከች አለ። ጥያቄው ማለቂያ የለውም። ሕፃናት ለምን አይጠመቁም? «አምኖ ራሱ እሺ ያለ ሰው ነው የሚጠመቀው። በሌላ ሰው ፈንታ ማመን አይቻልም።» ፓስተሩ ለምን ብቻውን አባል አያደርገኝም? «እኛ ጋ የሚቀበልህ ጉባኤው ነው። ምስክርነትህን ሰምተን እጅ እናወጣለን። አንድ እጅ እንኳ ከቀረ ምክንያቱ ይጠየቃል።»

ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ወንበር እየደረደረ ይቀራል። እሷም መጥረጊያ ስትፈልግ ትዘገያለች፤ መጥረጊያው ግን ሁልጊዜ በሩ ሥር ነው።

ያሳደገቻት አክስቷ የዋዛ ሴት አይደለችም። «ያ ልጅ የሚጠይቀው ስለ ውሃው ነው ወይስ ስለ ሰፊዋ?»

«አክስቴ ደግሞ!»

«ተዪኝ እባክሽ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።»

ምስክርነቱ በሚሰማበት ጉባኤ ዋዜማ ለጥምቀት ጋውኑ እንድትለካው ወደ ልብስ ስፌት ቤቷ መጣ። ትከሻውን ለክታ ቁጥሩን ረሳችውና እንደገና ለካች። እሱም ድንገት፣ «ላንቺ ስል እንኳን ገንዳ ባሕርም እገባለሁ» አላት።

በደስታ ልቧ ጠፋ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን «ላንቺ ስል» ያለው ቃል እየደጋገመ ይመጣባት ጀመር።

በማግስቱ በጉባኤው ፊት አሳምሮ መሰከረ። ቃል በቃል እሷ ያስተማረችው ነበር። እጆች ወጡ፤ የአክስቷም ወጣ። የእሷ ብቻ ጭኗ ላይ ቀረ።

«እህታችን፣ ምክንያት አለሽ?» አለ ፓስተሩ።

ተነሣች። «የተናገረው ሁሉ የኔ ቃል ነው። ውሃው ውስጥ የሚገባውም ለኔ ሲል እንደሆነ ነግሮኛል።» ወደ ጉባኤው ዞረች። «እኔ ደግሞ ደስ ብሎኛል። እወደዋለሁ። እጄን ያላወጣሁት ለዚህ ነው። ነገ ብንጣላ እምነቱ የት ሊገባ ነው?»

አክስቷ አፏን በመዳፏ ያዘች። እሱ «እውነቷን ነው» ብሎ ወጣ። በገዛ እጄ አጣሁት ብላ ስታለቅስ አደረች።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ የተቀመጠው ግን መጨረሻው ወንበር ላይ ነው። ትምህርቱንም ከፓስተሩ ጋር እንደገና ከሀ ጀመረ። ለእሷ ከሩቅ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላምታ ይሰጣታል፤ በቃ። ተቀይሞኝ ይሆን? ረስቶኝ ይሆን? አሁን ጠያቂዋ እሷ ሆነች፤ የሚመልስላት ግን አልነበረም። ለእሱ የሰፋችውን ጋውን ስፌቱን ሳትፈታ በስፌት ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቅላው ወራት አለፉ።

በሁለተኛው ጉባኤ የተናገረው አጭር ነበር። «የሚያፈስ ቧንቧ ላይ ቀለም የሚቀቡ ሰዎች አሉ። እኔም ባለፈው እንደዚያ ነበርኩ። ከዚህ ወጥቼ ብቻዬን ስሆን መጸለይ ሞከርኩ። መጀመሪያ አፈርኩ። ኋላ ግን ኃጢአቴን ለእግዚአብሔር ነገርኩት፤ ይቅር እንዳለኝም አመንኩ። ኢየሱስ ጌታዬ ነው። ይሄ ቃል የራሴ ነው።»

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ልጅቷ እምቢ ብትልህስ?»

«አባባ፣ አንዴ እኮ እዚሁ ፊታችሁ እምቢ ብላኛለች» አለ። «በሳምንቱ ግን መጣሁ።»

የጉባኤው ሳቅ ጋብ ሳይል መጀመሪያ የወጣው የእሷ እጅ ነበር።

የተጠመቀ ዕለት ጋውኑ አልተንሳፈፈም። ሰዉ ሁሉ ከወጣ በኋላ ጠርዙን ስትጨምቅ፣ ፀጉሩ እንደረጠበ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል።»

«ትምህርቱ አልቋል እኮ።» ጋውኑን ግን ከእጇ አስቀመጠች።

«እስከ ዛሬ ዝም ያልኩሽ ሁለቱ ነገር እንዳይቀላቀልብኝ ብዬ ነው። ታገቢኛለሽ?» ከዚያም ልማዱ አልለቅ ብሎት፣ «ይሄም ድምፅ ይሰጥበታል?» አላት።

ውሃ የሚያንጠባጥብ እጇን ወደ ላይ አነሣች። ከበሩ ኋላ የአክስቷም እጅ ወጥቶ ነበር።