ሴትዮዋ ደረጃው ላይ የጠበቀችኝ ዕለት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ቢቸና የምሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ በማይክሮስኮፕ ያላየሁትን እመን ብትሉኝ እሺ አልልም። ይሄን ግን በዓይኔ በብረቱ አየሁት፣ እመኑኝ።

የኔ ሱስ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፣ ያውም ማንም ዞር ብሎ ያላየው ዓይነት፣ ደም የለ፣ ጭራቅ የለ፣ አንዲት ሴት ከሥራ ስትመለስ ወንበሯን ወደ በሩ ዞሮ ታገኘዋለች፣ በቃ፣ እንቅልፍ ይነሳችኋል። ሞጣ ላይ ኳስ ማሳያ ቤት ያለው ጓደኛዬ ጌቱ፣ አንዱን ፊልም እሱ ቤት እንዳሳይ ስንት ጊዜ ለምኜው አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ከሰዓት ፈቀደልኝ።

"አንድ ሰው ተነስቶ ከወጣብኝ ግን ሁለተኛ ይሄን ነገርህን ይዘህ እንዳትመጣ!" አለኝ።

ዝናቡ ይመስገን፣ ቤቱ ሞላ። እንደ ድሮው ቪዲዮ ቤት ከስክሪኑ ጎን ቆሜ ጮክ ብዬ እተረጉማለሁ፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት የጌቱ አክስት እትዬ ብዙዬ "ኧረ አንቺ ልጅ፣ ቤቱን ልቀቂ!" ይሏታል የፊልሙን ሴትዮ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሴትዮዋ ከፎቅ ኮቴ ሰምታ ደረጃው ላይ ስትደርስ ነው እንግዲህ፣ እትዬ ብዙዬ ያቀበሉኝ ቆሎ ትን ያለኝ። ሳልኩ፣ ሳልኩ፣ ጉድ ሆንኩ፣ ንግግሩ አመለጠኝ፣ ሰው ሊወጣ ነው ብዬ ቀና ስል፣ ሴትዮዋ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ቆማለች፣ ታየኛለች። ፊልሙ ተቋርጦ ነው እንዳትሉኝ፣ ከኋላዋ መጋረጃው ይውለበለባል፣ የግድግዳው ሰዓትም ቀጭ ቀጭ ይላል። ውሃ ጠጣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ የምትለውን በቃሌ ስለማውቀው "ማነው እዚያ?" አልኩ፣ ያን ጊዜ አፏን ከፈተች።

እስከ መጨረሻው አንድም ሰው አልወጣ፣ አጨበጨቡልኝ እንጂ።

"አንተ ነህ ያቆምከው?" አልኩት ጌቱን።

"በምን? ሪሞቱ ከጠፋ ስንት ጊዜው! ይልቅ ለሚመጣው ቅዳሜም ይዘህ ና፣ ሰው ወዶታል።"

"ምን ያስጨንቅሃል ልጄ?" አሉ እትዬ ብዙዬ፣ "ሳሉ እስኪለቅህ ጠበቀችህ፣ ጨዋ ሴት ናት።"

ቢቸና ስመለስ ብቻዬን ከፍቼ፣ ሳልተረጉም ዝም ብዬ አየሁት። አልቆመችም፣ ቀጥ ብላ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ተመስገን ብዬ ልስቅ ስል፣ ደረጃው መሀል ላይ ዞር ብላ አየችኝ። ይሄን ፊልም ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ እዚያ ቦታ ላይ ዞራ አታውቅም።

ቅዳሜ ሞጣ እሄዳለሁ፣ ይሄን ዕድል እንዴት እተዋለሁ? ብቻ ከዚያ ወዲህ ቤቴም ሆኜ ብቻዬን ሳይ ጮክ ብዬ ነው የምተረጉመው፣ ለማን እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ።