በብርሃን መካከል የገባው ፎቶ

አባባን ያገኘችው ትልቋ ልጁ ናት። ከፎቶ ስቱዲዮው ጀርባ ያለችውን፣ ፊልምና ሻማ የሚቀመጥባትን የዕቃ ክፍል መቀርቀሪያ ሳብ ስታደርገው፣ በሩን ተደግፎ የነበረው አባቷ እግሯ ሥር ተዘረጋ። ገላው ቀዝቅዟል። በአፍ የሚነፋው የአስም መድኃኒቱ ከበሩ ወዲህ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ፖሊስ ሁለቱን ነገር አገጣጠመ። በሩ የተቀረቀረው ከውጭ ነው፤ መድኃኒቱም ያለው ውጭ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ነጥቆት ቆልፎበታል። በዚያው ምሽት ወንድሟን ሚጢጢን ወሰዱት።

ሚጢጢ ስሙ የወጣለት በልጅነቱ ነው፤ አሁን ጎንበስ ሳይል በበር አያልፍም። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እሱ «ስቱዲዮውን ዝጋውና ዕረፍ፣ ደረትህ አልቋል» ሲል፣ አባባ «እኔ ስዘጋ ይዘጋል» ሲል፣ ጩኸታቸው መንገድ ድረስ ተሰምቶ ነበር።

ለእማዬ ይህ ሁሉ አልተነገራትም። «ልቡ ቆመ በሏት» አለ የአባባ ታናሽ ወንድም፣ ጋሼ። «የመቀርቀሪያውን ነገር እንዳታነሡባት። እሷንም እንቅበር እንዴ?» ሚጢጢንም ለጉዳይ ራቅ ብሎ ሄዷል አሏት። እማዬ ወንበሯ ላይ ኩርምት ብላ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«መድኃኒቱን ወሰደው?»

«ወሰደው እማዬ፣ ወሰደው» ትላታለች ልጅቷ ትከሻዋን እያሻሸች።

«ተመስገን» ትላለች እማዬ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትጠይቃለች።

ከቀብሩ በኋላ መርማሪዋ መጣች። ባልደረቦቿ «ቆይ-ቆይ» ይሏታል፤ ለምን እንደሆነ ልጅቷ ወዲያው ገባት።

«ወንድሜ አባቱን አይገድልም!»

«ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ ፎቶዎቹን አሳዩኝ።»

ጋሼ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ፎቶዎችን በተነሡበት ሰዓት የሚደረድረው ፕሮግራም የዚያን ቀን ሥራ ዘረጋው። ልጅቷ በትንሿ ካሜራ ያነሣቻቸው የአንድ ሕፃን ፎቶዎች አሉ፤ እነሱን ጨርሳ ስትወጣ ነበር ሚጢጢ በር ላይ ያገኛት። በሕፃኑ ፎቶዎች መካከል ደግሞ አባባ በራሱ ካሜራ ያነሣት አንዲት ፎቶ ገብታለች። ሰው የለባትም፤ መስኮቱና ጠረጴዛው ይታዩባታል።

«የወንድሜ የመጨረሻ ፎቶ ይህች ናት» አለ ጋሼ፣ ዐይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «ሚጢጢ ‹መብራት ጠፋ፣ እኔም ወጣሁ፤ አባባ ያን ጊዜ ካሜራውን አንሥቶ ነበር› ይላል። ፎቶዋ ግን መብራት ከመጥፋቱ ግማሽ ሰዓት ትቀድማለች። ፖሊስ ዋሽቷል ያለው ለዚህ ነው።»

መርማሪዋ በጣቷ ስክሪኑን እየነካች ቆጠረች። «ብርሃን፣ ብርሃን፣ ጨለማ፣ ብርሃን። ቆይ፣ ቆይ። ሕፃኑ ሲነሣ መብራቱ በመሃል ጠፍቶ ነበር?»

«እኔ እያለሁ አልጠፋም» አለች ልጅቷ።

«ብርሃን አንሷት ይሆናላ» አለ ጋሼ።

«የጣሪያው አምፖል እኮ በመስኮቱ መስታወት ውስጥ ይታያል። ጠፍቷል። የፎቶዋን ሰዓት የነካ ሰው አለ?»

«ሁልጊዜ እነካዋለሁ» አለ ጋሼ፣ ጥያቄው ገርሞት። «የወንድሜ ካሜራ አሮጌ ነው። በየማታው ባትሪው ለቻርጅ ሲወጣ ሰዓቱን ይረሳል፤ እሱም ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ሰዓት እያየ ይሞላዋል። የግድግዳውን ሰዓት ደግሞ ‹ደንበኛ እንዳላስጠብቅ› ብሎ ግማሽ ሰዓት ያስቀድመዋል። ስለዚህ የእሱን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ስገለብጥ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ እመልሳቸዋለሁ። አለዚያ በሠርግ ላይ ሙሽራዋ ሳትመጣ ኬኩ ይቆረጣል።»

ልጅቷ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። በዚያ ሳምንት ሰዓቱ ቆሞ ነበር። አዲስ ባትሪ ያስገባችለት፣ ከስልኳም አይታ ያስተካከለችው እሷ ናት። ለማንም አልተናገረችም።

«ጋሼ» አለች በቀጭን ድምፅ፣ «አስተካክዬው ነበር እኮ። ያንን ሰዓት።»

መርማሪዋ ከአባባ ካሜራ ካርዱን አውጥታ ያልተነካውን ፎቶ ከፈተች። ሰዓቱ መብራት ከጠፋ በኋላ ነበር።

ከዚያ ጎረቤት ወዳለው ፀጉር አስተካካይ ሄዱ።

«መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሬን ላስነሣ ወጣሁ» አላቸው። «ሚጢጢ ተቆጥቶ ሲወጣ አየሁት። ‹ጉበኑን እንዳታፈርሰው!› ብዬ ቀለድኩበት፤ አልሳቀልኝም። መንገዱን ይዞ ሄደ።»

«ከእሱ በኋላ የገባ ሰውስ?»

«እኔማ ግማሽ ራሱን የተላጨ ሰው ጥዬ ነው የወጣሁት፤ ተመልሼ ገባሁ። ያ ሞተር ሲጮህ እንኳን ኮቴ፣ ቤት ቢፈርስም አይሰማ።»

ሲመለሱ መርማሪዋ ያቺን ጨለማ ፎቶ አሰፋቻት። ጠረጴዛው ባዶ ነበር።

«አባትሽ የዚያን ቀን ምን ለብሶ ነበር?»

«ሹራብ። ካፖርቱ ቤት ተሰቅሏል።»

«እናትሽስ ምን ይላሉ?»

«ምንም። ‹መድኃኒቱን ወሰደው?› ትላለች እንጂ። ሐዘን ነው።»

ቆይ-ቆይ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቆይ» ሳትል ኮምፒውተሩን ዘጋች።

በማግስቱ ሁሉም ስቱዲዮው ውስጥ ተሰበሰቡ። ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ቆመ። ሚጢጢ ከአንድ ፖሊስ ጋር መጣ፤ በጥቂት ቀን ከስቷል። ልጅቷ መርማሪዋን ክንዷን ይዛ «እማዬን ተዪልን» ብላ ለምና ነበር። «ያለ እሳቸው ወንድምሽ አይወጣም» አለቻት። እማዬ ግን ልጇን ስታይ «መጣህልኝ?» ብላ ጉንጩን ዳሰሰች፤ ካቴናውን በጃኬቱ ሸፍኖት ነበር።

«አባባ የመጨረሻውን ፎቶ ያነሣው መብራት ከጠፋ በኋላ ነው» ብላ መርማሪዋ ጀመረች። «አምፖሉም ካርዱም ይመሰክራሉ። ሰዓቱን ያሳሳተው ጋሼ ነው፤ ግን በልማድ እንጂ በተንኮል አይደለም። ሚጢጢ ያን ጊዜ ወጥቶ ሄዷል፤ ያየው ሰው እዚህ ቆሟል። እንግዲህ አልዋሸም።»

ጋሼ አንገቱን ደፋ።

«ሁለተኛ። በፎቶው ላይ ጠረጴዛው ባዶ ነው። መድኃኒቱ ከአባባ የተነጠቀ መስሎን ነበር። መድኃኒቱ ግን በካፖርቱ ኪስ ውስጥ ቤት ቀርቶ ነበር። ማንም አልነጠቀውም፤ ያመጣለት ሰው ነው ያለው።»

ልጅቷ ያን ጊዜ ገባት። ልታቋርጣት አንድ እርምጃ ቀረበች። መርማሪዋ እናትየው ፊት በርከክ አለች።

«እማማ፣ የዚያን ቀን ወደዚህ መጥተው ነበር?»

«መጣሁ እንጂ። ጠያቂ አጣሁ እንጂ መጣሁ» አለች እማዬ። «ካፖርቱን ሳራግፍ መድኃኒቱን አገኘሁታ። ሮጥኩ። እዚህ ጨለማ ነው፣ የጎረቤት ሞተር ይጮሃል። ጠራሁት፣ የለም። ወጣ ብሎ ይሆናል ብዬ ከዐይኑ እንዳይጠፋ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የዕቃ ክፍሉን በር ክፍት አየሁት። ‹ፊልሞቼ ላይ አቧራ ይገባል› እያለ ስንት ዓመት የነዘነዘኝ በር። ቀረቀርኩለትና ወደ…»

ቆመች። ዐይኗ ወደ መቀርቀሪያው ሄደ፤ ከዚያ ወደ ልጇ እጅ። ጃኬቱ ተንሸራቶ ካቴናው ታይቷል። አንድ በአንድ ሁሉንም አየቻቸው። ዐይኗን የቻለ አልነበረም።

«እዚያ ውስጥ ነበር?»

እማዬ ወደ ልጅቷ ዞረች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም።

«ወሰደው ብለሽኝ ነበር እኮ።»

ፖሊሱ ሳይታዘዝ ካቴናውን ፈታ። ሚጢጢ እናቱን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ይዟት ወጣ።

ልጅቷ ብቻዋን ስትቀር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የአባባን ፎቶ መርጣ ግማሽ ሰዓቷን መለሰችላት። ፎቶዋ ከሕፃኑ ሳቅ መካከል ወጥታ መጨረሻ ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ መስኮቱ፣ ባዶው ጠረጴዛ፣ በስተጀርባም ገርበብ ብሎ የተከፈተው በር።